የማይተኛ ዘበኛ በእንጦጦ ጫካ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተነበበ ንግግር



ክበባችን ለዛሬ የመረጠው ጉዳይ ከሩቅ አገር የመጣ ቢመስልም፣ ከአዲሱ ገበያ ሆነን ቀና ስንል የምናየውን ተራራ የሚመለከት ነው። ይኸውም ሽቦ አልባ ሴንሰሮች የእንጦጦን ጫካ ከእሳትና ከቆራጭ ሊጠብቁልን ይችላሉን? የሚል ጥያቄ ነው።

ሴንሰር ማለት በዙሪያው ያለውን ሙቀት፣ ድምፅ፣ ጢስ ወይም እንቅስቃሴ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ትንሽ ሬዲዮና ባትሪ ሲጨመርለት ያገኘውን ወሬ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱም ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ወሬውን ከጥበቃው ቤት ያደርሱታል። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ ብዙ ሲሆኑ ግን ተራራ ይሸፍናሉ። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለዚህም ይስማማል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ጦር በላኦስ ጫካ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ለመከታተል ድምፅና የመሬት ንዝረት የሚሰሙ መሣሪያዎችን ከአውሮፕላን ይጥል ነበር። ባትሪያቸው ሲያልቅ ሌላ መጣል ግድ ነበር፤ ነጐድጓድ፣ ነፋስና እንስሳም ሰሚውን ያሳስቱት ነበር። በ2002 ደግሞ ሊቃውንት በአሜሪካ ግሬት ዳክ በምትባል ደሴት 32 ትንንሽ መሣሪያዎች ተክለው፣ የባሕር ወፎችን ጎጆ ሳይረብሹ ተከታተሉ። በ2004 በፍሎሪዳ 1,000 ያህል ሴንሰሮች በአንድ ሜዳ ላይ ተዘርግተው፣ ሰውና መኪና ለይተው ለማወቅ ተሞከረ። ስለዚህ ነገሩ የሚቻል ነው፤ ነገር ግን ችግሮቹን ሳይመረምሩ መጀመር ገንዘብን ከገደል መጣል ነው።

የመጀመሪያው ችግር ስንቅ ነው። በጫካ ውስጥ መብራት የለም፤ መሣሪያው የሚኖረው በባትሪ ድንጋይ ነው። ሬዲዮው ሳያቋርጥ ቢሠራና 20 ሚሊአምፔር ቢወስድ፣ 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት የያዘ ባትሪ በ125 ሰዓት፣ ማለት ከ5 ቀን ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያልቃል። ከ100 ደቂቃ ውስጥ 1 ደቂቃ ብቻ ቢነቃ፣ በስሌት ከ1 ዓመት በላይ ይቆያል፤ ነገር ግን ሬዲዮው በተኛበት ሰዓት ጎረቤቱ «እሳት!» ብሎ ቢጮህ የሚሰማው የለም። እንዲሁም ለጥበቃው ቤት የሚቀርበው መሣሪያ የሁሉን ወሬ ስለሚያሳልፍ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚደክመው እርሱ ነው። በፀሐይ ኃይል እናግዘው እንዳንል፣ የክረምት ደመናና የዛፉ ጥላ ብርሃኑን ይቀንሱበታል።

ሁለተኛው ችግር መንገድ ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ጐኑ ሁሉ ሸለቆና ጉብታ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ጉብታ ሲያግደው ይዳከማል፤ በዝናብ የራሰ ቅጠልም ይውጠዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ መጋረጃ ይሆናል። ረዘም ያለ ሞገድ ብንመርጥ ርቆ ይሄዳል፤ ግን የሚሸከመው ወሬ አጭር ነው፤ ሥዕል ለመላክ አይበቃም።

ሦስተኛው ችግር የውሸት ጩኸት ነው። ይህንን በራሳችን እጅ ሞክረነዋል። የሰውነት ሙቀት የሚያውቅ አንድ ሴንሰር ሠርተን ከግቢያችን አጥር አጠገብ ሰቀልን። በዚያች ሌሊት ድመት ስታልፍ ደወለ፤ ውሻ ሲያልፍ ደወለ፤ በመጨረሻም ዘበኛችን አባባ ግቢውን ሲዞሩ ደወለባቸው! አባባ ስቀው፣ እርሳቸው ሰውን ገና ከሩቅ በእርምጃው እንደሚለዩት ነገሩን። ተራራው ላይ 200 መሣሪያ ብንተክልና እያንዳንዱ በሌሊት 1 ጊዜ ብቻ ቢሳሳት፣ በአንድ ሌሊት 200 የውሸት ጩኸት ይሆናል። ሦስት ሌሊት በከንቱ የሮጠ ጠባቂ በአራተኛው አይነሣም፤ እሳቱም የዚያን ዕለት ይነሣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በባትሪም በሞገድም የማይፈታው ነው። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጫካው ወጥተው፣ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች የማናውቅ የለንም። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ደብተራችን በዚያ ሸክም የተገዛልን አለን። ሴንሰሩ ዛፍ የሚጥለውን ነጋዴና የወደቀ ቅጠል የምትለቅመውን እናት አይለይም፤ ለእርሱ ሁለቱም የሚንቀሳቀስ ሙቀት ናቸው። ነጋዴው በመኪና ያመልጣል፤ ሸክም ያጎበጣት እናት ግን መሮጥ ስለማትችል የምትያዘው እርስዋ ናት።

አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ማውጣቷ፣ ስለ ሰው የሚሰበሰብ ወሬ እንደ ተራ ነገር እንዳይታይ ያስተምረናል። ስለዚህ ይህ ሥራ በተራራችን ላይ የሚጀመር ከሆነ፣ ክበባችን ሦስት ነገር ያሳስባል። አንደኛ፣ ሰውን ከመከታተል በፊት ጢስና እሳትን በመጠበቅ ይጀመር፤ እሳት ለማንም አያዳላምና። ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ጩኸት ብቻውን ማስረጃ ሆኖ ማንም አይያዝ፤ ዐይንና ልብ ያለው ጠባቂ ሄዶ ይይ። ሦስተኛ፣ መሣሪያው ከመተከሉ በፊት በጫካው የሚኖሩበት እናቶች ይጠየቁ፤ የተራራውን መንገድ ሁሉ፣ እሳት የሚነሣበትንም ስፍራ ከማንም ይልቅ ያውቁታልና።

የተወደዳችሁ ወላጆቻችን፣ እኛ ሳይንስን የምንማረው አገራችንን ለመጠበቅ ነው፤ አገር ማለት ደግሞ ዛፉ ብቻ ሳይሆን በዛፉ ሥር የሚያልፈው ሰውም ጭምር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ነው፤ እኛ የምንዘረጋው ድር ግን አንበሳውን ትቶ እናታችንን እንዳያስር እንጠንቀቅ።