ሰዓትም ያስመሰክራል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ርእስ ከግድብና ከድልድይ አጠገብ ሲቆም እጅግ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም ጊዜን አሳስቶ የሚቆጥር የኮምፒዩተር ሰዓት እንዴት እንደሚታረም ነው። ነገር ግን ይህ ትንሽ ጉድለት የሰውን መብት እስከ ማዛባት ሊደርስ እንደሚችል በገዛ ሥራዬ አይቻለሁ። ከጥፋቱም የራሴ ድርሻ ስላለበት ልናገረው ወደድሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ከሚገኙት ጽሕፈት ቤቶች አንዱ፣ «ኮምፒዩተሩ ቀን አልይዝ አለን» ብሎ ጠራኝ። መሣሪያው የባለጉዳዮች ማመልከቻ የሚመዘገብበት ነበር። ሣጥኑን ከፍቼ ባትሪውን ለወጥሁ፤ ቀኑንና ሰዓቱን አስተካከልሁ፤ ተመስግኜም ወጣሁ። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ከአንድ ወር በኋላ ግን እንደገና ተጠራሁ። ሁለት ገበሬዎች በአንድ ይዞታ ላይ አመልክተው ኖሮ፣ የቀደመው ማን ነው የሚል ክርክር ተነሥቷል። የአንደኛው ማመልከቻ በትክክለኛው ቀን ተመዝግቧል። የሌላው ግን የገባው መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ ስለ ነበረ፣ ብዙ ዓመታት ቀድሞ የገባ መስሎ ይታያል። «ሰዓቱ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ተሳስቶ ነበር?» ተብዬ ስጠየቅ መልስ አጣሁ። ሰዓቱን ሳርም ልዩነቱን አልጻፍሁትም ነበርና፤ ማስረጃውን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ነገሩ የተፈታው ኋላ የመጣው አመልካች በእጅ የተጻፈ ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልሎ አስቀምጦት ስለ ተገኘ ብቻ ነው። ቀኑ በራሱ ላይ የሚመሰክር ሆኖ ሳለ አልሸሸገውም።

ከዚህ የተማርሁት፣ ሰዓቱን ማረም መዝገቡን አያርምም የሚለውን ነው። ስለዚህ ባለሙያው እጁን ከማስገባቱ በፊት ሦስት ነገር ይጻፍ፤ መሣሪያው የሚያሳየውን ቀንና ሰዓት፣ በዚያች ቅጽበት ያለውን እውነተኛ ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም ያረመውን ሰው ስም። ይህ አንድ መስመር ጽሑፍ ካለ ያለፈው መዝገብ በስሌት ሊቃና ይችላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የስሕተቱ መጠን ራሱ ምክንያቱን የሚናገር መሆኑ ነው። ኮምፒዩተር ሲጠፋ ጊዜን የሚቆጥርለት በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ይህ ቁጥር 15 ጊዜ በግማሽ በግማሽ ሲከፈል በሰከንድ አንድ ምት ይሰጣል። ክሪስታሉ በሚሊዮን 20 ያህል ቢያፈነግጥ ስሕተቱ በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ወደ 52 ሰከንድ ይደርሳል። እንግዲህ በየወሩ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚዛነፍ ሰዓት አልተበላሸም፤ ጠባዩ ነው።

ሰዓቱ በዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰ ግን ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ባለ 3 ቮልቱ የአዝራር ባትሪ፣ ማለት ሲአር 2032 የሚባለው ነው። ኮምፒዩተሩ ከመብራት ጋር እንደ ተያያዘ እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከዚያው ኃይል ያገኛል፤ መብራት ሲጠፋ ሸክሙ በባትሪው ላይ ይወድቃል። ባትሪውም ከደከመ ሰዓቱ ሠሪው ወደ ወሰነው መነሻ ቀን ይመለሳል። ቀኑ እንዲህ ሲሳሳት ጉዳቱ በመዝገብ ብቻ አይወሰንም፤ የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀት ዘመኑን የጠበቀ አይመስልምና ግንኙነቱ ይታገዳል።

ልዩነቱ በትክክል 3 ሰዓት ከሆነ ባትሪውን አትንኩ። የጊዜ ቀጠናው ተሳስቶ ይሆናል፤ ወይም ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ መሣሪያ ላይ ተጭነው፣ አንዱ የውስጡን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት፣ ሌላው እንደ ግሪንዊች ሰዓት እያነበበው ይሆናል። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የእኛ ቀጠና የሚገኘው በናይሮቢ ስም መሆኑንም ማወቅ ይበጃል።

ልዩነቱ በትክክል 6 ሰዓት ከሆነስ? ይህ የመሣሪያ ሕመም ሳይሆን የሁለት አቈጣጠር ግጭት ነው። ጸሐፊው ጧት 3 ሰዓት ላይ ሥራ ሲጀምር ኮምፒዩተሩ 9 ይለዋል፤ «ተሳስቷል» ብሎ በቅንነት ወደ 3 ይመልሰዋል። እኛ ቀንን ከንጋት እንቆጥራለን፤ መሣሪያው ከእኩለ ሌሊት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ነገር ግን በኔትወርክ የተሳሰሩ የቢሮ ኮምፒዩተሮች በተለመደው አሠራር ከ5 ደቂቃ በላይ መለያየትን ስለማይታገሡ ተጠቃሚው መግቢያ ያጣል። መፍትሔው የውስጡን ቆጠራ ሳይነኩ ንባቡን ብቻ ወደ እኛ ሰዓትና ዘመን መተርጐም ነው።

በመጨረሻም፣ ማንኛውም ሰዓት በራሱ ብቻ ትክክል ሊሆን እንደማይችል እናስተውል። ይህን የጋይንት ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የድጓ ተማሪ ዜማውን በየትም ደብር ቢያጠና፣ በዚያው በጋይንት ምድር ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ከምንጩ ጋር ሳይመሳከር የቀረ ዜማ ቀስ በቀስ ሊያፈነግጥ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካዊው በዴቪድ ሚልስ የተዘረጋው የኔትወርክ ጊዜ ደንብ፣ ኤን ቲ ፒ፣ በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። ከላይ የአቶም ሰዓት አለ፤ ከእርሱ የተማረ ሰርቨር ሌላውን ያስተምራል፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ እንዲህ ይወርዳል።

ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። መንገዱ ሲዘጋ ሰዓቱ ያለ መምህር ይቀራል። ስለዚህ በኔትወርክ ብቻ አንታመን። ከሳተላይት በቀጥታ ጊዜ የሚቀበል የጂ ፒ ኤስ መሣሪያ ኢንተርኔት አያሻውም። እርሱም ባይገኝ አንድ ኃላፊ ሰኞ ሰኞ ሰዓቶቹን ከአንድ የታመነ ሰዓት ጋር አመሳክሮ ልዩነቱን በደብተር ይጻፍ።

ባትሪ መለወጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ የጠፋ ቅደም ተከተል መመለስ ግን የአንድ ገበሬን ቅንነት ጠይቋል። መሐንዲስ ሥራውን በሰው ቅንነት ላይ ሊጥል አይገባውም።