ከምናለሽ ተራ የተነሣ ጥበብ
አድማጮቻችን፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? የተፈታታ ኮምፒውተር፣ የተቆራረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አሮጌ የቁልፍ ሰሌዳ ይከመርበታል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሥራውን የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ ቁስ ነው። ባለቀለሙን ሽቦ እንደ ሹሩባ ይጎነጉንና በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይደረድረዋል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ጉንጉን ሽቦና የስንት ሰው ጣት የነካካው የቁልፍ ሰሌዳ ቁልፍ ነው።

ሥራዎቹ ኒውዮርክ በሚገኘው ጄምስ ኮኸን ጋለሪ ታይተዋል። እኔን ይበልጥ ደስ የሚለኝ ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ያለው ነው። ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ግድግዳው አያቶቻችን የሚያውቁት ጭቃና ጭድ ነው፤ ላዩ ግን በእጅ በወጣ ቅርጽ ተጥለቅልቋል። ሥዕል ሊያይ የገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው።