በመካከል ያቆምናት
(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት የተዘጋጀ)

ዛሬ የማነሣው ታሪክ በመድረካችን ላይ ብዙ አይነሣም። ሲነሣም ወይ እየጮኽን ነው ወይ እያንሾካሾክን። እስቲ ዛሬ ቀስ ብለን እንነጋገርበት።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1834 የትንሣኤ ዕለት ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ዮርክ ከተማ፣ ጉድራምጌት በሚባል መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች አብረው የጌታን እራት ወሰዱ። አን ሊስተርና አን ዎከር ይባላሉ። ምእመኑ ያየው ሁለት ጓደኛሞችን ነው። እነርሱ ግን ያቺን ሰዓት በልባቸው እንደ ጋብቻቸው ቆጠሯት።

ወገኖቼ፣ አትደንግጡብኝ። ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው ብዬ እንደማምን ፕሮግራማችንን የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ አልደግመውም። ዛሬ ዓይኔ ያረፈው በዙሪያቸው በቆሙት ሰዎች ላይ ነው።

አን ሊስተር ሃሊፋክስ አጠገብ ሺብደን ሆል የሚባል ርስት ያላት ባለጸጋ ነበረች። መልአክ አልነበረችም፤ ጭሰኞቿን ‘እኔ የምፈልገውን ካልመረጣችሁ’ እያለች የምታስጨንቅ ሰው ናት። የዕለት ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። ምን ያህል መሰላችሁ? ወደ 5 ሚሊዮን ቃል ይጠጋል! ከዚያ ውስጥ ከስድስት እጅ አንዱን እጅ ያህል የጻፈችው የግሪክ ፊደልና የሂሳብ ምልክት ቀላቅላ በሠራችው ምስጢራዊ ጽሕፈት ነው። ፍቅሯን የደበቀችው እዚያ ውስጥ ነው።

የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ በዚህ ጉዳይ ወንዶችን እስከ ሞት ይቀጣ ነበር። ስለ ሴቶች ግን አንድም አንቀጽ አልነበረውም። ታዲያ ማን ቀጣቸው? አፍ ቀጣቸዋ! በ1835 ጥር ወር ላይ አንድ ያልታወቀ ሰው ‘ካፒቴን ቶም ሊስተር አን ዎከርን አገባ’ የሚል የፌዝ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አወጣባቸው። እስቲ አስቡት፤ ከዚያ በኋላ እኮ ገበያ መውጣት አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለ።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሣችኝ አን ዎከር ናት። ዓይነ አፋር፣ ጸሎተኛ፣ ሐዘን ቶሎ የሚጫናት ሴት ነበረች። ‘ይህ ነገሬ ኃጢአት ይሆን?’ እያለች ነፍሷ ትታወክ ነበር። ለማን ትንገር? በ1840 ሁለቱ ሩሲያን አቋርጠው እስከ ካውካሰስ ተጓዙ። አን ሊስተር ዛሬ ጆርጂያ በሚባለው አገር፣ ኩታይሲ ላይ በ49 ዓመቷ በንዳድ ሞተች። አን ዎከር አስከሬኑን እዚያ ጥላ አልመጣችም፤ ይዛው ተነሣች። አውሮፕላን የለ፣ መኪና የለ። ቀብሩ ሃሊፋክስ ላይ የተፈጸመው በሚቀጥለው ዓመት፣ ከሰባት ወር በኋላ ነው።

በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ድንኳን ይጣልላታል፣ እድርተኛው ይመጣል፣ ‘አይዞሽ’ የሚላት አይጠፋም። እርሷስ ማን ሞተብኝ ልትል ነው? በ1843 አእምሮዋ ተነክቷል ተብላ ከዚያ ቤት ወጣች፤ ዮርክ አጠገብ የአእምሮ ሕሙማን የሚያዙበት ቤት አስገቧት። በ1854 ሞተች።

ዮሐንስ ምዕራፍ 8ን ክፈቱ። ሴቲቱን ጎትተው አምጥተው በመካከል አቆሟት። ‘ታዲያ ጌታ ከእንግዲህ ኃጢአት እንዳትሠራ ነግሯት የለም ወይ?’ የምትሉኝ አላችሁ። አዎ፣ ነግሯታል። ግን መቼ? ከሳሾቿ ከሽማግሌዎቹ ጀምሮ አንድ በአንድ ወጥተው፣ እርሱና እርሷ ብቻ ሲቀሩ! እኛ እኮ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠነዋል። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ ነው የምንናገረው፤ ብቻዋን ስትቀር ግን እኛም የለንም።

ያ ምስጢራዊ ጽሕፈት በኋላ ተፈቷል። እንዴት እንደተፈታ ስሙ። በ1890ዎቹ የቤቱ ወራሽ ጆን ሊስተርና ወዳጁ አርተር በረል ወረቀቶቹን ሲመረምሩ አንዲት ቁራጭ አገኙ። በእግዚአብሔር ላይ ስላለ አንድ ነገር ትናገራለች፤ አንዲቱ ቃል ብቻ በምስጢር ተጽፋለች። ‘ተስፋ’ መሆን አለባት አሉ። ልክ ነበሩ። በዚያች ቃል ፊደላት ሌላውን ሁሉ ከፈቱት። ካነበቡት በኋላ በረል ‘እናቃጥለው’ አለ። ጆን ግን ከግድግዳው እንጨት ጀርባ ሸሸገው።

አሁን የራሴን ልናገር። ከ15 ዓመት በፊት፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንደ ወጣሁ፣ በማገለግልበት አጥቢያ አንዲት የመዘምራን አባል ነበረች። ከሌላ እህት ጋር ስላላት ቅርበት ይወራ ጀመር። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ጠርቼ አልጠየቅኋትም። የረቡዕ ጸሎት ላይ ግን ‘የጸሎት ርዕስ’ አድርጌ አቀረብኩት። ስም አልጠራሁም። መንፈሳዊ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በወሩ ከመዘምራኑ ቀረች፣ ከዚያ ዓረብ አገር ሄደች ተባለ።

ባለፈው ዓመት ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። ይህን እንድናገርም ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ከተማውን ግን አልጠራም። ‘መጋቢ’ አለችኝ ቆይታ፣ ‘ያን ዕለት እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ነበር የጸለዩት። እኔ አልጨፈንኩም። ማን ማን ዞሮ እንዳየኝ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።’ ስማቸውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። የባለቤቴ ስም ሦስተኛው ነበር።

ሁለታችንም ይቅርታ ጠይቀናታል። እስካሁን አልመለሰችልንም።