ከቫይረሱ ጋር ስለምትኖር ድመትና ስለ ሐኪሙ ቃል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዛሬው ጉባኤ ላይ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ስለ ቀንድ ከብት ወይም ስለ ዶሮ በሽታ የምናገር መስሏችሁ የመጣችሁ ብዙዎች እንደምትሆኑ አልጠራጠርም። የሙያችን ዋነኛ ሸክም የገበሬው በሬና የአርብቶ አደሩ ግመል ነውና እንዲህ ብታስቡ አያስደንቅም። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ድመት ልናገር ነው። ድመት በአገራችን ለረጅም ዘመን የኖረችው አይጥ እንድትይዝ ነበር፤ ብትታመምም ወደ ሐኪም የሚወስዳት አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን በከተሞቻችን ድመቱን አቅፎ ወደ ሕክምና የሚመጣ ሰው እየተበራከተ ነው። ይህ ሰው ከእኛ የሚፈልገው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ቃልም ጭምር ነው። ንግግሬም ስለዚሁ ቃል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። በ2009 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ እኖር ነበር። ከአገር ቤት ይዤው የሄድሁት ዲግሪ ብቻውን በዚያ አገር በሐኪምነት ለመሥራት ስለማያበቃ፣ የሚጠየቀውን ፈተና እስካልፍ ድረስ በአንድ የእንስሳት ሕክምና ቤት በረዳትነት ተቀጥሬ ነበር። በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ እንግሊዝኛው የማይሆንላቸው ደንበኞች ሲመጡ የማስተረጉመውም እኔው ነበርሁ። አንድ ቀን ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ እናት አንድ አመድማ ወንድ ድመት በካርቶን ይዘው መጡ። በመኪና ማቆሚያ ውስጥ በገንዘብ ተቀባይነት ሲሠሩ፣ ድመቱ በብርዱ ወራት ከመኪናዎች ሥር እየወጣ ይጠጋቸው ስለነበረ ወደ ቤታቸው ወስደውት ኖሯል። አመዶ ብለውም ሰይመውታል። አንገቱ ላይ የቆየ የንክሻ ቁስል ነበረበት፤ ድዱም ቀልቶ አብጦ ነበር።

ደሙ ተመረመረ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ የተናገረው፣ “ቫይረሱን የሚቃወም ፀረ አካል ተገኝቷል፤ በሌላ ምርመራ እናረጋግጥና ከዚያ ስለ አያያዙ እንነጋገራለን” የሚል ነበር። እኔ ግን ይህን ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ “እማማ፣ ድመቱ ኤድስ ይዞታል፤ ከሚሠቃይ በመርፌ ቢሞት ይሻለዋል” አልኋቸው። ሐኪሙ ያላለውን ጨመርሁ፤ ያለውንም አስቀረሁ።

ሴትዮዋ ለጊዜው ዝም አሉ። ኋላም፣ “ልጄ፣ እኔ ወንድሜን በዚሁ ቃል ነው የቀበርሁት” አሉኝ። ወንድማቸው በ1990ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ታሞ ሳለ ብርጭቆውና ሳህኑ እንደ ተለየበት፣ ጎረቤቱ ከቡናው እንደ ቀረ፣ እርሳቸውም ራሳቸው ፈርተው ምግቡን ከደጃፍ ያቀብሉት እንደ ነበረ ነገሩኝ። “እኛስ ያን ጊዜ የሚነግረን አጥተን ነው። አንተ ግን የተማርህ ነህ። በሽታውን ንገረኝ፤ ሞቱን ግን ለፈጣሪው ተውለት” አሉና ካርቶኑን አንሥተው ለመውጣት ተነሡ። ሐኪሙ ነገሩ ግራ ገብቶት ምን እንዳልኋቸው ጠየቀኝ። ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ ሴትዮዋን አስቀምጦም እርሱ የሚለውን ብቻ፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እንድተረጉም አደረገኝ። በዚያ ቀን የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው? በ1986 በካሊፎርኒያ፣ ፔታሉማ በምትባል ከተማ፣ ብዙ ድመቶች አብረው ከሚኖሩበት አንድ ሥፍራ ድመቶች ተራ በተራ እየመነመኑ መሞታቸው ተሰማ። በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒልስ ፔደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ ከእነዚህ ድመቶች እስከዚያ ጊዜ ያልታወቀ ቫይረስ ለይተው አወጡ። ግኝታቸውም በ1987 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ታተመ። የሰው ኤድስ ቫይረስ ተለይቶ ከታወቀ ገና ጥቂት ዓመት ስለነበረና ዓለምም በዚያው ፍርሃት ውስጥ ስለነበረ፣ ለአዲሱ በሽታ “የድመት ኤድስ” የሚል ስም ወዲያው ተለጠፈበት። ስሙ ከሳይንሱ ቀድሞ ሮጠ ማለት ነው።

በእርግጥ ሁለቱ ቫይረሶች ሌንቲቫይረስ ከሚባለው አንድ ወገን የሚመደቡ ናቸው። ቃሉ ከላቲን የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው “ዘገምተኛ” ማለት ነው። ሁለቱም የአካልን የመከላከያ ኃይል ቀስ በቀስ ያዳክማሉ። ዝምድናቸው ግን አንዱን ሌላው አያደርገውም። ወደ ሕዋስ የሚገቡበት በር እንኳ አንድ አይደለም፤ የሰውየው ቫይረስ በዋነኛነት ሲዲ 4 በተባለው ተቀባይ ሲጠቀም፣ የድመቷ ቫይረስ ሲዲ 134 በተባለው ይገባል። በሽታው ከድመት ወደ ሰው አይተላለፍም። ለብዙ ዘመን በድመት ሲነከሱና ሲቧጨሩ በኖሩት በእኛው የሙያ ባልደረቦች ላይ እንኳ አልታየም። በአፍሪካ አንበሶች ዘንድ ደግሞ የራሳቸው የሆነ የዚሁ ቫይረስ ዓይነት አለ፤ በሴሬንጌቲ ከሚገኙት አንበሶች አብዛኞቹ ተሸክመውት ይኖራሉ።

ከድመት ወደ ድመት የሚተላለፍበት መንገድ በዋነኛነት ጥልቅ ንክሻ ነው። ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ ይገኛልና፣ የነካሹ ጥርስ ቆዳ በስቶ ሲገባ አብሮ ይገባል። በዚህም ምክንያት በብዛት የሚያዙት ያልተኮላሹ፣ ደጅ የሚያድሩና በግዛት የሚጣሉ ወንድ ድመቶች ናቸው። ከእናት ወደ ግልገል መተላለፉ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ነው። ከአካል ውጭ ቫይረሱ ብዙ አይቆይም። “በአንድ ሳህን ቢበሉስ?” ብሎ ለሚጠይቅ ባለቤት የምንሰጠው መልስም ከዚሁ ይገኛል። በ2014 በወጣ አንድ ጥናት በመጠለያ ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸውና የሌለባቸው ድመቶች አብረው ሲኖሩ ተጠንተው፣ መተላለፍ አልታየም። እርስ በርስ የማይጣሉ ድመቶች ሳህናቸው እንዲለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም ማለት ነው። የእኒያ እናት ወንድም ብርጭቆም የተለየው እንዲሁ ያለ ምክንያት ነበር።

የበሽታው አካሄድ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። መጀመሪያ ላይ ትኩሳትና ንፍፊት ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ሳያስተውለው ያልፋል። ቀጥሎ ድመቲቱ ጤነኛ መስላ የምትኖርበት፣ ለብዙ ዓመታት ሊዘልቅ የሚችል ረጅም ጊዜ ይመጣል። በመጨረሻ፣ ይኸውም ሁሉም ከማይደርሱበት ደረጃ ላይ፣ የመከላከያ ኃይል ሲደክም የድድና የአፍ ቁስለት፣ የማይድን ጉንፋን፣ የቆዳ በሽታ፣ ክሳትና አንዳንድ የነቀርሳ ዓይነቶች ይከተላሉ። ከእነዚህ ድመቶች ብዙዎቹ ከሌሎቹ በማይተናነስ ዕድሜ ኖረው፣ ከቫይረሱ ጋር ግንኙነት በሌለው ምክንያት ይሞታሉ።

እዚህ ላይ ስለ ምርመራው ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በተለምዶ የሚደረገው ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ፀረ አካሉን ነው። ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ግልገል ከእናቱ ወተት ባገኘው ፀረ አካል ምክንያት፣ ራሱ ሳይያዝ ውጤቱ “አለበት” ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ስድስት ወር ሲሞላው እንደገና መመርመር አለበት። በቅርቡ የተነከሰች ድመት ደግሞ ፀረ አካሉን እስክታበጅ ድረስ “የለባትም” ልትባል ስለምትችል ከ60 ቀን በኋላ ምርመራው ይደገማል። በ2002 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ክትባት የተከተቡትን ድመቶች በዚህ ምርመራ “አለባቸው” እያሰኘ ነገሩን ይበልጥ አወሳስቦት ነበር፤ ይኸው ክትባት ከዓመታት በኋላ በሰሜን አሜሪካ ከገበያ ወጥቷል። እንግዲህ በአንዲት የደም ጠብታ ብቻ ፍርድ የሚሰጥ ሐኪም፣ ያልታመመውን ግልገል ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

ከቫይረሱ ጋር የምትኖር ድመት አያያዝ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ወንዱ ይኮላሽ፣ ሴቷም ትምከን፤ ጠቡ ይቀንሳልና። ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ ትዋል፣ ትደር። “ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ” እንደሚባለው ደጁን መናፈቋ ባይቀርም፣ ከመስኮት አጠገብ የምትቀመጥበት ሥፍራና የምትጫወትበት ነገር ካላት ትለምደዋለች። ይህም ሌሎቹን ድመቶች ከቫይረሱ፣ እርሷን ደግሞ ከሌሎች በሽታዎች ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ ጥሬ ሥጋ አትብላ። በእኛ አገር በበዓል ቀን ከቁርጡ ላይ ለድመት መጣል ደስ የሚያሰኝ ልማድ ነው፤ የመከላከያ ኃይሏ ለደከመ ድመት ግን በጥሬ ሥጋ የሚመጡ ተሕዋስያን አደገኞች ናቸው። አራተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ትመርመር፤ ክብደቷ ይመዘን፤ አፏ ይታይ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በአገራችን ሁኔታ የሚታለፍ አይደለም።

በሕክምናው በኩል፣ ኮርቲኮስቴሮይድ ያለ በቂ ምክንያት አይሰጥ። ለቆዳ ፈንገስ የሚታዘዘው ግሪሴዎፉልቪን በእነዚህ ድመቶች ላይ ነጭ የደም ሕዋሳትን ክፉኛ ሊቀንስ ስለሚችል ሌላ መድኃኒት ይመረጥ። ለሰው የተሠራው ዚዶቩዲን የአፍ ቁስለት ለጸናባቸው አንዳንድ ድመቶች ይረዳል፤ የደም ማነስ ሊያስከትል ስለሚችል ግን ደሙን እየተከታተሉ መስጠት ግድ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር፣ “በሬ ለሚሞትበት ገበሬ በቂ ክትባት ሳይደርስ የድመት ነገር ምን ይረባል?” የሚል ባልደረባ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዘረዘርኋቸው ምክሮች አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። መመርመሪያው በማይገኝበት ቦታ እንኳ ተነክሶ የመጣውን ወንድ ድመት አኮላሹት፣ ደጅም አታሳድሩት ብሎ መምከር ይቻላል። መልካም ቃል ደግሞ ከማንም በጀት የሚቀነስ አይደለም። እንስሳውን ያለ ሥቃይ መግደል ግድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩንም አልክድም። ድመቲቱ መብላት አቅቷት፣ ሕመሟም በምንም የማይታገሥ ሲሆን ያ የምሕረት ሥራ ነው። ሆኖም ውሳኔው ከእንስሳዋ ሁኔታ ይመንጭ እንጂ ከወረቀቱ ላይ አይነበብ።

ወደ ቃሉ ልመለስ። የሰው ኤድስ ወደ አገራችን በገባባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የነበረውን አነጋገር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ቃሉ ራሱ ሰውን ከሞቱ በፊት ይቀብር ነበር። ከ2005 ጀምሮ የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት በነፃ ይሰጥ ጀመር። አነጋገራችንም ቀስ በቀስ ተለወጠና “ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች” ማለትን ተማርን። ይህ አነጋገር ሰውየውን ከበሽታው ለይቶ የሚያሳይ ነው። አማርኛችን በብዙ ሕይወት ዋጋ የተማረውን ይህን አነጋገር እኛ በድመቷ ላይ እንደገና ብንረሳው ያሳዝናል። “የድመት ኤድስ” ያልን እንደሆነ ባለቤቱ የሚሰማው የድመቷን በሽታ ሳይሆን የወንድሙን፣ የእኅቱን ሞት ነው። ሌላው ደግሞ ለልጆቹ ፈርቶ ድመቲቱን ወደ ጎዳና ይጥላታል፤ እርሷም በዚያ ተጣልታ ቫይረሱን ታስተላልፋለች። ስለዚህ፣ “ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ይገኛል፤ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በጥንቃቄ ከተያዘች ለብዙ ዓመታት ልትኖር ትችላለች” ብንል፣ እውነቱንም አላጎደልንም፣ ሰውንም አላስደነገጥንም።

አመዶ በሁለተኛው ምርመራ ቫይረሱ እንዳለበት ተረጋገጠ። ተኮላሸ፤ የተበላሹ ጥርሶቹ ተነቀሉለት፤ ከዚያ በኋላ ለስለስ ያለ ምግብ እየበላ ወፈረ። እኒያ እናት በየስድስት ወሩ ያለማቋረጥ ያመጡት ነበር፤ እንዳስተረጉምላቸውም ሁልጊዜ እኔን ያስጠሩ ነበር። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው፣ “አንተማ አሁን መዝነህ ነው የምትናገረው” አሉኝ። አመዶ በ2017 በኩላሊት በሽታ ሞተ። ኤድስ ይዞታል፣ ቢሞት ይሻለዋል ካልሁበት ቀን በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን፣ በእውነት የሚሠቃይበት ጊዜ ደርሶ ነበርና፣ መርፌው ይሰጠው ያሉት ራሳቸው ናቸው። አቅፈውት ነበር።

ክቡራንና ክቡራት፣

ያን ቀን ቃሌን ሰምተው ቢሆን ኖሮ እነዚያ ስምንት ዓመታት ባልኖሩም ነበር። አደራዬ ይኸው ነው፤ ውጤቱን በመሣሪያ እንመርምር፣ ቃላችንን ደግሞ ከአንደበታችን ሳይወጣ እንመርምር።