«ትንሽ ነው የሚነዝረው» አትበሉ

(ቤይሩት ውስጥ በእሑድ ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን ያደረገችው ንግግር ነው። ከሥራ ወጥታችሁ መምጣት ያልቻላችሁ እንድታነቡት አትመነዋል።)

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮረንቲ ነው። ስለ ደመወዝና ስለ ፓስፖርት ብናወራ የምትመርጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እሱም ተራው ይደርሳል። ግን በሚቀጥለው እሑድ እዚህ ክፍላችን ኢንተርኔት ሊገባልን ነው። ጣሪያው ላይ አንቴና ይቆማል። እዚህ ግድግዳ ላይ የብረት ሳጥን ይሰቀላል፤ ውስጡ ራውተር፣ ስዊች እና መብራት ሲጠፋ የሚይዝልን ዩፒኤስ ይገባል። ያንን ሳጥን የምንወለውለው፣ ሥሩን በውሃ የምናጥበው እኛው ነን። በምንሠራበት ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ዕቃውን የሚገዛው ሌላ ሰው፣ የሚነካው የእኛ እጅ።

«ልብስ ማጠቢያው ትንሽ ይነዝራል፣ ለምጄዋለሁ» ስትሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ይሄ የሚለመድ ነገር አይደለም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ኮረንቲ በአንድ ሽቦ ይገባል፣ በሌላው ይመለሳል። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው፣ ኧርዝ ይባላል፤ የመሬት ሽቦ ማለት ነው። ደህና ቀን ሥራ የለውም። የዕቃውን ብረት፣ ከሕንፃው ሥር መሬት ውስጥ ከተቀበረው ብረት ጋር ያገናኘዋል፣ በቃ። ክፉ ቀን ሲመጣ ነው ጥቅሙ። ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኮረንቲው በኧርዙ በኩል ይፈስና ብሬከሩ ይቆርጠዋል። ኧርዝ ከሌለስ? ብረቱ ኮረንቲ ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። እጇ ረጥቦ፣ በባዶ እግሯ ቆማ የምታጥበው ልጅ እስክትነካው ይጠብቃል። ያኔ የኮረንቲው መንገድ እሷ ትሆናለች።

«አዲስ ዕቃ ለምን ይነዝራል ታዲያ?» ትሉኛላችሁ። እንደ ስዊች፣ ኮምፒውተርና ልብስ ማጠቢያ ባሉ ዕቃዎች ውስጥ የኮረንቲ ማጣሪያ አለ። ማጣሪያው በጣም ጥቂት ኮረንቲ ወደ ብረቱ ያሳልፋል። ኧርዝ ካለ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ማንም አያውቀውም። ኧርዝ ከሌለ ብረቱ ላይ ይቀርና ጣታችሁን ይነዝራል። ያ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። ነገር ግን ዕቃው ኧርዝ እንደሌለው እየነገራችሁ ነው። ደግሞም የማጣሪያው ይሁን የተላጠ ሽቦ፣ በጣት ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። 1 ሚሊአምፔር ገደማ ሲሆን ይሰማል። 10 ገደማ ሲደርስ እጅ ይጨብጥና መልቀቅ ያቅታል። ከ30 በላይ ሆኖ ከቆየ ልብን ሊያቆም ይችላል። 10 ዋት ያላት ትንሽ አምፖል እንኳ በ220 ቮልት ከ40 በላይ ትወስዳለች። ስለዚህ «ትንሽ» የሚባል ኮረንቲ የለም።

አሁን ወደ እሑዱ ሥራ። ባለሙያው ሲመጣ አራት ነገር እናያለን።

አንደኛ፣ የግድግዳው ሶኬት። ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ከኋላው ኧርዝ አለው ማለት አይደለም፤ በአሮጌ ሕንፃ ሽቦው ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ ሦስት መብራት ያላት ትንሽ መፈተሻ አለች። ይሰካትና ያሳየን።

ሁለተኛ፣ የትኛው ዕቃ ኧርዝ ይፈልጋል? ፕላስቲኩ ራውተርና ቻርጀሩ አይፈልጉም፤ ካሬ ውስጥ ካሬ የሆነ ምልክት ያለበት ዕቃ ያለ ኧርዝ እንዲሠራ ሆኖ የተሠራ ነው። የብረት አካል ያለው ስዊች፣ ዩፒኤሱ፣ ሳጥኑ ራሱና የጣሪያው ምሰሶ ግን ይፈልጋሉ።

ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተል። ኧርዝ ከሁሉ በፊት ይታሰራል፣ ከሁሉ በኋላ ይፈታል። ሳጥኑ ላይ ሲታሰር ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ ብረት ከብረት ይገናኝ፤ ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። በሩም ብረት ስለሆነ የራሱ አጭር ሽቦ ያስፈልገዋል።

አራተኛ፣ የማንቀበላቸው ነገሮች። ኧርዙን ከጋዝ ቧንቧ ጋር ማሰር በጭራሽ አይሆንም። ከውሃ ቧንቧ ጋርም አይሆንም፤ ቧንቧው መሃል ላይ ፕላስቲክ ከሆነ ኮረንቲው መታጠቢያ ቤት ይገባል። ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከመመለሻው ሽቦ ጋር አገናኝቶ «ጨርሻለሁ» ማለትም አለ። መመለሻው አንድ ቀን ቢበጠስ ብረቱ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። ባለ ሦስት እግሩን ሶኬት በሁለት ቀዳዳ የሚያሰካ አዳፕተርም ኧርዙን ይቆርጠዋል።

መብራት ከመንግሥት ይምጣ ከኢሽቲራክ፣ ኧርዙ ሁልጊዜ እንደታሰረ ነው የሚቆየው። ዩፒኤስ ላይ አንድ ነገር አስታውሱ። ከግድግዳ ብትነቅሉትም ውስጡ ባትሪ አለ፣ ኮረንቲ ይሰጣል። ሶኬቱ ሲነቀል ደግሞ ኧርዙም አብሮ ይነቀላል። ስለዚህ ስትወለውሉ መጀመሪያ ዩፒኤሱን ራሱን አጥፉት፤ ጨርቁም ደረቅ ይሁን። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲመጣ፣ ገና ሳይቀርብ፣ የመብራቱንም የአንቴናውንም ገመድ ንቀሉ። ኧርዝ ጥሩ ነው፣ መብረቅን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቆምም።

ብሬከሮቹ መካከል «ቲ» የሚል ፊደል ያለበት ትንሽ ቁልፍ ያለው አንድ አለ፤ ሰውን ለማዳን የሚገጠመው በ30 ሚሊአምፔር ይቆርጣል። በወር አንዴ ቁልፉን ተጫኑት፤ ካልቆረጠ ተበላሽቷል። ኧርዝ ካለ ማንም ሳይነካው ይቆርጣል። ኧርዝ ከሌለ ግን የሚቆርጠው ሰው ከተያዘ በኋላ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በምትሠሩበት ቤት ሲነዝራችሁስ? በእርጥብ እጅ አትንኩት። ነጠላ ጫማ ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ራሳችሁም አትፍቱት፣ ሥራችሁ አይደለም። ለማዳም «ፊ ካህራባ ቢል ጋሳሌ» በሏት፣ ማጠቢያው ኮረንቲ ይዟል ማለት ነው። «ባድና ካህራብጂ» በሏት፣ የኮረንቲ ሠራተኛ ያስፈልገናል ማለት ነው። ዝም ካለች በስልክ ጻፉላት፤ መናገራችሁ ከነቀኑ ይቀመጣል። እሷም እኮ ልጆች አሏት፣ ማጠቢያው ማንን እንደሚይዝ አይመርጥም።

ሰው ኮረንቲ ሲይዘው አይታችሁ በእጃችሁ አትያዙት፣ እናንተንም ይይዛችኋል። ብሬከሩን አጥፉ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ የእንጨት መጥረጊያ ግፉት። ወዲያው ለቀይ መስቀል 140 ደውሉ።

እሑድ ባለሙያው ሥራ ሲጀምር ሁለት ሰው አጠገቡ ይቁም፣ አንዷ እኔ ነኝ። መፈተሻዋን ሰክቶ ሳያሳየን፣ ሳጥኑም አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ሳይታሰርለት፣ ካዋጣነው ገንዘብ የመጨረሻው ክፍያ አይሰጠውም። ሁለተኛዋ ማን ትሁን? እጅ አውጡ።