ቪ ኤይትና ስስ አየር

እሷ፦ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ አካባቢ አንድ ቪ ኤይት (ባለ ስምንት ሲሊንደር) መኪና ሲነሳ ሰው ዞር ብሎ ያያል። ይህ ሞተር በባትሪ ይተካ?

እሱ፦ ይተካ! ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከአሥር እጅ ሁለት እጅ የሚጠጋ ጉልበቱን እዚሁ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም፤ ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱ አብሮት ነው።

እሷ፦ የመኪና አምራቹን ዶጅን ተመልከት እንጂ። ቻርጀር የተባለውን ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪናውን እ.ኤ.አ. በ2023 አቁሞ ኤሌክትሪኩን ሲያመጣ ሰው ሠራሽ የሞተር ድምፅ ገጠመለት። ገዢው ፍጥነት ብቻ አይደለም የሚፈልገው።

እሱ፦ እሱን አልወደድኩለትም። አዲስ መኪና የራሱን ድምፅ ይዞ ይምጣ።

እሷ፦ መንገዱስ? እስከ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ።

እሱ፦ ከደጀን ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬኑም ያርፋል።

እሷ፦ የጎሐ ጽዮን ዳገት ደግሞ የሞላውን መልሶ ይበላዋል! ለዚህ ነው ለጊዜው ነዳጅንም ባትሪንም የሚጠቀም ሃይብሪድ ይሻላል የምለው።

እሱ፦ አገሪቱ እኮ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች።

እሷ፦ እንግዲያው ቻርጅ ማድረጊያው ከመኪናው ቀድሞ ይህን መንገድ ይያዝ።