ሂስቶግራምና የአያቴ ዕድሜ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ስለ ሒሳብ ትምህርት የምናገረውን ከሰሌዳው ሳይሆን ከቤታችን እጀምራለሁ።

እዚሁ ብስራተ ገብርኤል አብረውኝ የሚኖሩትን አያቴን «እማማ፤ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሰማንያ ብለህ ጻፈው» አሉኝ። «መቼ ተወለዱ?» ስላቸው ግን «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ» ሲሉ መለሱልኝ። ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አያቴ የተወለዱት በ1934 ነው፤ ሰማንያን ካለፉም ቆይተዋል።

እንዲህ ያለው መልስ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በአገራችን በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተደርጓል። የተመዘገበው ዕድሜ ዓመት በዓመት ሲታይ፣ በ0ና በ5 በሚያልቁት ቍጥሮች፣ ይልቁንም በ30፣ በ40ና በ50 ላይ ብዙ ሰው ተከማችቶ ይገኛል፤ በ39ና በ41 ላይ ግን ሰው ያንሳል።

ይህን ጕድለት ለዓይን የሚገልጠው ሂስቶግራም ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ዕድሜ ስንት ጊዜ እንደ ተደገመ በሰንጠረዥ ይጻፋል፤ ይህም የድግግሞሽ ስርጭት ይባላል። ቀጥሎ ዕድሜው በአግድም፣ ድግግሞሹ ወደ ላይ ሆኖ፣ ዘንጎቹ ያለ ክፍተት ጎን ለጎን ይሣላሉ። ለምሳሌ ከ20 ሽማግሌዎች 2ቱ 58፣ 1ዱ 59፣ 14ቱ 60፣ 1ዱ 61፣ 2ቱ 62 ዓመት ነን ቢሉ፣ የ60ው ዘንግ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል። ዳሩ ግን ከ58 እስከ 62 ያሉትን በአንድ መደብ ብንጠቀልላቸው ግንቡ ይሰወራል። አማካዩም ልክ 60 ስለሆነ ምንም አይነግረንም። ስለዚህ ጓደኞቼ፤ የመደቡን ስፋት ከመምረጣችን በፊት ምን እንደምንሰውር እንወቅ።

ነገሩ የሥዕል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሚመጣው ዓመት ስንት ልጆች ትምህርት እንደሚጀምሩ የሚገመተው ከዕድሜ ቍጥር ነው፤ ቍጥሩ ከተሳሳተ ወንበርም መምህርም ይጎድላል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚካሄድ፣ ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። የልጅ ልጆቻችሁ ዕድሜያችሁን በግምት እንደ ጻፉ የእነርሱም በግምት እንዳይጻፍ።

እኔም 80ውን ሰርዤ «1934» ብዬ ጽፌአለሁ።